ሁለት ገመድ ቋንጣ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ጎጆው ውስጥ ሁለት ገመድ ዘርግቶ በሁለት አገር መካከል ይፈርድ ነበር።

መምህር ይግረም ምሳሌያቸውን በዚህ ጀመሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሂሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ ጥያቄ የሚወዱ፣ ጠያቂው ግን ቶሎ የሚያናድዳቸው ሰው ናቸው። የዚያን ቀን የጠየቀቻቸው የድሮ ተማሪያቸው አንጓች ነበረች። አንጓች ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ አጥታ ተቀምጣለች፤ ጎረቤት አገር የተሻገረው ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ነይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» እያለ በስልክ ይወተውታታል። ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ እንኳን አደረስዎ ልትላቸው መጥታ፣ ስልኳ ላይ ሁለት መስመር አሳየቻቸው። አንዱ መስመር የእነዚያ አገር የነፍስ ወከፍ ገቢ ነው፤ ሌላው የእኛ።

«ይኸው መምህር፣ የዛሬ ሃያ ዓመት እኩል ነበርን። ዛሬ የእነሱ የእኛን እጥፍ ሆነ። በየዓመቱ እነሱ ሽቅብ፣ እኛ ባለንበት። ታዲያ አገር ማለት የእነሱ አይደለም? ልሂድ ወይስ ልቅር?» አለቻቸው።

መምህሩ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው መስመሮቹን አዩና ስልኩን መለሱላት። ልሂድ ወይስ ልቅር የሚለውን እንዳልሰሙ ሆነው ስለ ገበሬው ቀጠሉ።

ያ ሰው የሚኖረው አቀበቱ ወገብ ላይ ነው። ከበላዩ ገብስ የሚያበቅል ብርዳም አገር አለ፤ ላይ አገር ይሉታል። ከበታቹ ማሽላ የሚያበቅል ሞቃት አገር አለ፤ ታች አገር ይሉታል። በአባቱ የላይ አገር፣ በእናቱ የታች አገር ልጅ ስለሆነ በሁለቱም ዘንድ ቅርጫ ይገባል። ላይ አገሮች የፋሲካ ዕለት ጠዋት ያርዳሉ። ታች አገሮች ደግሞ ፋሲካን በዶሮ ያልፉትና በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ያርዳሉ። ስለዚህ ሰውዬው በዓመት ሁለት ጊዜ ሥጋ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ጊዜ ቁልቁል ወርዶ፣ አንድ ጊዜ ሽቅብ ወጥቶ።

ቅርጫ እንዴት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ለነገሩ እናንተ የዛሬ ልጆች ሥጋ ከሱቅ ማቀዝቀዣ የሚወለድ ሳይመስላችሁ አይቀርምና ልንገርሽ። ሰዉ እኩል ያዋጣል፣ በሬ ይመጣል፣ ይጣላል፣ ይገፈፋል። ከዚያ ሥጋው ቅጠል ላይ ይመደባል። ከሽንጡም፣ ከጎድኑም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም ለእያንዳንዱ መደብ እኩል እኩል ይጣልለታል። በመጨረሻ ማንም ማንንም እንዳያማ ዕጣ ይወጣል። አንዱ ጭራሮ፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የጋቢውን ዘርፍ በጥሶ ይሰጣል፤ የማን የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። ከዚህ የተሻለ ማካፈል ስንት ዓመት ሳስተምር መጽሐፍ ውስጥ አላጋጠመኝም።

ገበሬው ምራቁን የዋጠ፣ ሳያረጋግጥ የማይናገር ሰው ነው። «ሰው ይዋሻል፣ ቋንጣ አይዋሽም» የምትል አባባል ነበረችው፤ ራሱ ያወጣት ናት፤ በደረሰበት ሁሉ ይላታል። አንዲት ሴት ልጁ የተወለደች ዓመት ጎጆው ውስጥ ሁለት ገመድ ከግድግዳ ግድግዳ ዘረጋ። የላይ አገሩን መደብ ተሸክሞ ሲገባ፣ ቀዩን ሥጋ ማንም ሳይነካው ዘለዘለና በአንደኛው ገመድ ላይ ከምሰሶው ጀምሮ ሰቀለው። ሥጋው ያለቀበት ቦታ ላይ ቋጠሮ ቋጠረ። በሳምንቱ የታች አገሩንም እንደዚሁ አደረገ። ያን ዓመት ሁለቱ ቋጠሮዎች ትይዩ ነበሩ፤ ልክ እንደ አንቺ መስመሮች መነሻ።

ሚስቱ በዚህ ነገር ቆሽቷ ያርራል። «ፋሲካ ነው እኮ፣ አንተ ሰው! አገር በቅቤ እጁን ሲያርስ አንተ ገመድ ላይ ትንጠላጠላለህ! ሁለት ወር የጦመ ሆድ መለኪያ ይጠብቃል?» ትለዋለች።

«ዝም በይ፤ አገር እያየሁ ነው» ይላታል።

እውነቱን ነው፤ አገር እያየ ነበር። ዓመት ዓመትን ሲተካ የላይ አገሩ ቋጠሮ ወደ ግድግዳው እየገፋ ሄደ። የታች አገሩ ቋጠሮ ደግሞ ወደ ምሰሶው እየተመለሰ መጣ። አንድ ዓመት ቢሆን የበሬው ክሳት ነው ይባላል፤ ሁለት ዓመት ቢሆን የዘለዘለው ሰው እጅ ነው ይባላል። ዓመት በዓመት ሲሆን ግን ምን ይባላል? ገበሬው እንግዳ በመጣ ቁጥር ገመዶቹን እያሳየ «ላይ አገር አደገ፣ ታች አገር ወደቀ» ይል ጀመር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የዚህ ሰው ወረቀቱ ገመድ ነበር።

ሰው ዓይን እያለው እንዴት ሳያይ ይቀራል ትዪኝ ይሆናል። አየ እንጂ! ሁሉንም አይቷል። ታች አገር መጀመሪያ አንድ በሬ ነበር የሚጥሉት፤ በኋላ ሁለት መጣል ጀመሩ። ገበሬው ያንን ሲያይ ምን አለ መሰለሽ? «ጉድ በሉ! ሁለት በሬ ጥለው እንኳ መደባቸው ከላይ አገር መደብ ያንሳል። ሲሳይ የራቀው ሰው ሁለትም ቢያርድ ሦስትም ቢያርድ ያው ነው» አለ። ላይ አገር ደግሞ ያንኑ አንድ በሬያቸውን ይጥላሉ፤ መደቡ ግን በሁለት እጅ አይነሳም። «አያችሁ በረከት! በአንድ በሬ ይኼን ሁሉ!» ይላል። መዋጮው ዓመት በዓመት ሲጨምር እንኳ «ለበረከት አይሰሰትም» ብሎ ይከፍላል።

ላይ አገር ቅርጫው ሜዳ ላይ የሚቆመው ሰው እየሳሳ መሄዱንም አይቷል። «እነ እገሌስ?» ሲል «ዘንድሮ አልገቡም» ይሉታል። እሱም «ሰነፍ ነው፤ ለፋሲካ እንኳ መዋጮ ያጣ ሰው ምኑ ሰው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ታች አገር ደግሞ ሜዳው በማያውቃቸው ሰዎች እየተጨናነቀ መሄዱን አይቷል። «መንጋ! ለመብላት ሲሆን የት ነበሩ የማይባሉ» ብሎ ይኼንንም ያልፈዋል። አንድ ቀን ሚስቱ «ሰዉስ ስንት ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ሰው ሰው ምን ትያለሽ፣ ሥጋውን ተመልከች!» አላት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችውም፤ ቀቅላ መብላት ነው የፈለገችው።

ልጂቱ ለአቅመ ሔዋን ደረሰች። በአንድ ሰሞን ከላይ አገርም ከታች አገርም ሽማግሌ መጣ። የላይ አገሩ ልጅ የአባቱን የገብስ ማሳ የወረሰ፣ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ነው። የታች አገሩ ልጅ ከወንዙ ውሃ በቦይ ጠልፎ ማሽላ የሚያጠጣ ነው። ሁለቱም ጨዋ፣ ሁለቱም ሠራተኛ። እናቲቱ «ታች አገር ቅርብ ነው፤ ልጄን በዓይኔ አያታለሁ» ብላ ነበር።

ገበሬው ለሽማግሌዎቹ ከመመለሱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሽማግሌዎቹ የሚጸልይ መስሏቸው ጠበቁት። እሱ ገመዱን ነበር የሚያየው። የላይ አገሩ ቋጠሮ ከግድግዳው ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የታች አገሩ ከምሰሶው ሥር ነው።

«ልጄ አንዲት ናት» አለ። «የማደላድላት እያደገ ባለ አገር ነው። ለላይ አገር ሰጥቻለሁ።»

ልጂቱ አንገቷን ደፍታ ወጣች፤ ተዳረች፤ ሽቅብ ሄደች። አባት ልጁን ወደ ሞላበት እንደላከ አመነ፤ ደረቱን ነፍቶ ይሄድ ነበር። በዚህ አልፈርድበትም። እሱ እንደ ብዙ አባት በወሬ አልዳረም፤ ለክቶ ነው የዳረ።

በመጀመሪያው ፋሲካ አማቹን ቅርጫው ሜዳ ላይ አገኘው፤ ጎን ለጎን ቆመው መደባቸውን ወሰዱ። በሁለተኛውም እንዲሁ። የሦስተኛው ዓመት ፋሲካ ሲመጣ ገበሬው እንደ ልማዱ ጎህ ሲቀድ ወጣ። ሌሊቱን የተቀደሰበት ቤተ ክርስቲያን ገና ሻማ ሻማ ይሸታል፤ ሜዳው ላይ በሬው ተገፎ ቅጠሉ ተነጥፏል። መደቦቹን ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። እንዲህ ያለ መደብ ላይ አገርም አይቶ አያውቅም።

«እሰይ! እሰይ!» አለ። «ዘንድሮስ ጉድ ነው! አማቼስ የታል?»

ሥጋውን የሚመድቡት ሽማግሌ ቢላዋቸውን ከቅጠሉ ላይ አነሱና «አልመጣም» አሉ። ሌላ ነገር ሊጨምሩ ፈልገው ነበር፤ ሰዉ ሲያያቸው ተዉት።

ገበሬው አማቹ ቅዳሴ አድሮ እንቅልፍ ጥሎት ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ሳቀም። የራሱን መደብ በአገልግል ቢያደርገው አልበቃ አለውና የተረፈውን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አወጣው። ትከሻው ጎበጠ፤ ልቡ ግን ቀና አለ። በልጁ ቤት በኩል ዞሮ ለመሄድ ወሰነ። የእነሱን መደብ ከራሱ ጋር ያስተያያል፤ ልጁንም «አየሽ፣ አባትሽ ምን ያለ አገር እንደሰጠሽ!» ይላታል። መንገዱን ሁሉ ይኼን ሲል እያሰበ ሄደ።

«ቤቶች! እንኳን አደረሳችሁ!» ብሎ ገባ።

ልጂቱ ምድጃው አጠገብ ነበረች። ሲገባ ብድግ አለችና ድስቱን ፈጥና ከደነችው። አማቹ ከጥግ መደብ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ተነሳ፣ አማቱን በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም። ቤቱ የሸተተው ሽሮ ነው። የፋሲካ ዕለት፣ ሰው ሁሉ በሥጋ በሚፈስክበት ጠዋት፣ ሽሮ!

ገበሬው ሸክሙን ሳያወርድ ቆመ። «በምንድን ነው የፈሰካችሁት?» አላት።

የድስቱን ክዳን መልሳ አስተካከለች።

«ልጄ፣ እየጠየቅሁሽ ነው። መደባችሁስ?»

«ዘንድሮ አልገባንም፣ አባዬ» አለች። «ውርጩ ገብሱን ሲመታው ዘር እንኳ አላስቀረልንም። አንዱ በሬም በጦሙ መግቢያ ሞተ። መዋጮ ከየት ይመጣል? እኛ ብቻ አይደለንም፤ ዘንድሮ የወጣው ብዙ ቤት ነው። በየዓመቱም የሚወጣ አለ። የወጣው መዋጮ በቀሩት ላይ ይደለደላልና፣ ለከርሞ ደግሞ ሌላው ያቅተዋል። ከላይ ሰፈር የነበሩት ሁሉ ታች አገር ወርደዋል። አልሰማህም እንዴ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? አንተ ለመጣው ለሄደው ላይ አገር አደገ እያልክ። እኔ ራቤን ይዤ መጥቼ ላሳፍርህ?» አለችና ያን ጊዜ እንባዋ መጣ። በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።

ሰውዬው ክው አለ። ትከሻው ላይ ያለው ሥጋ ያን ጊዜ ከበደው። ጠዋት ሜዳው ላይ እሰይ እሰይ ያሰኘው፣ መንገዱን ሁሉ ልቡን ያቀናው፣ ያ ከአምና የበለጠው ሥጋ ከየት እንደመጣ ገባው። በሬው እንደሆነ ያው አንድ በሬ ነው። በሬው አልወፈረም። የጨመረለት የልጁ ድርሻ ነው፤ የልጁን ድርሻ ነው ተሸክሞ የመጣው።

አይ ሰው! ስንት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ልጅ በወጣ ቁጥር የእሱ ቋጠሮ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ደስ ሲለው ኖሯል። የራሱ ልጅ እስክትወጣ ድረስ አላየውም። እኔም ብሆን አላየውም ነበር፤ አንቺም።

ሸክሙን አወረደና አገልግሉንም ጥቅሉንም ልጁ እግር ሥር አስቀመጠው። ጉበቱን እንኳ ለራሱ አላስቀረም። ከሽሮው ጥቂት አቅርቢልኝ አላት። አቀረበችለት፤ በላ። ከዚያ ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ወረደ።

ሚስቱ ቢላዋ ስላ፣ ማጀቱን አሰናድታ ስትጠብቅ ነበር። «ሥጋውስ?» አለችው። «የላይ አገሩ ገመድ ባዶውን ሊውል ነው ዘንድሮ? ቋጠሮውን የት ልትቋጥረው ነው?» አለችው፤ ልታሾፍበት ነው። ወንበር አቁሞ ወጣና የላይ አገሩን ገመድ ከነቋጠሮው ፈታው። የታች አገሩንም ፈታው። ያን ጊዜ እሷም ነገር እንዳለ ገባትና ቁጭ አለች፤ ሁሉንም ነገራት። እሱን አልወቀሰችውም፤ ልጇን አስባ አለቀሰች።

ገበሬው በሁለቱ ገመድ ምን እንዳደረገ ልንገርሽ። በማግስቱ ይዟቸው ሽቅብ ወጣ። አማቹ መጀመሪያ «የአባቴን ማሳ ጥዬ አልወርድም፤ ውርጭ ያልፋል» ብሎ አስቸግሮ ነበር። «ማሳህን ማንም አይበላብህም። ውርጩ ሲያልፍ ትመለሳለህ፤ እስኪያልፍ ግን ልጄ ትብላ» አለው። የመኝታውን ቁርበት፣ ድስቱን፣ ሞፈሩን፣ ያለቻቸውን ዕቃ በአንዱ ገመድ ጠፍሮ አማቹን አሸከመ፣ በሌላው ጠፍሮ እሱ ተሸከመ። ልጂቱ ከፊት፣ እነሱ ከኋላ፣ ቁልቁል ወደ ታች አገር ወረዱ። ያ ሁሉ ዓመት ቋጠሮ የተቋጠረበት ገመድ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቀመ።

በዳግማይ ትንሣኤ ታች አገር ቅርጫ ሜዳ ሄዱ። ገበሬው ያን ቀን መደቡን አልነበረም የሚያየው። ሰዉን ነበር የሚያየው፤ በየፊቱ እየቆመ። ሰነፍ ብሎ ያለፋቸው የላይ አገር ሰዎች ሁሉ እዚያ አሉ። አንዱ ቢላዋ ይስላል፣ አንዱ ቅጠል ያነጥፋል፣ ልጆቻቸው ውሻ ያባርራሉ። ወደ እሱ ሽማግሌ ልኮ የነበረው ባለ ቦዩ ልጅም አለ፤ ሌላ አግብቶ ልጅ ታቅፏል። ቦዩም ያኔ ከነበረው ረዝሟል። ከላይ የወረዱት ሰዎች ናቸው ከእሱ ጋር ሆነው ያስረዘሙት። ሁለተኛው በሬ ከየት እንደመጣ ገበሬው ያን ጊዜ ነው የተረዳው።

ወደሚመድቡት ሽማግሌ ቀረበና ኮፍያውን አወለቀ። «አባቴ፣ የልጄን ቤት ቁጠሩልኝ» አለ። «መዋጮ የላቸውም። አማቼ ከነገ ጀምሮ ቦይ ይቆፍራል።»

ከኋላ አንዱ «ኧረ በሞቴ! አሁንም መደባችን ሊሳሳ ነው?» ብሎ ጮኸ። ሰዉ ሳቀ። የጮኸው ሰውዬ ራሱ አምና ከላይ አገር የወረደ ነው።

ሽማግሌው ወደ ጮኸው ሰውዬ ዞረው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። አምና አንተ ስትመጣ የእኔ መደብ አልሳሳም እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወደ ገበሬው መለስ ብለው «ዕጣችሁን አምጡ» አሉ።

ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ተነሳችና አንድ አዲስ መደብ ቅጠሉ ላይ ተቀመጠ። ዕጣ ወጣ። ለገበሬው የደረሰው መደብ በዘመኑ ካገኘው ሁሉ ያነሰ ነበር። ያንን ይዞ ገባ። ሚስቱ ተቀብላው ቀና ብላ ብታይ ገመድ የለም።

«ምን ላይ ልስቀለው?» አለችው።

«ዘንድሮ አይሰቀልም። ልጆቹ እየመጡ ነው፤ ጥበሽው እንብላ» አላት።

መምህር ይግረም እዚህ ላይ ቆሙ። መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና ወደ አንጓች ዞሩ።

«እንግዲህ አንቺ ልጅ፣ በሬው የአገር ገቢ ነው። ሜዳው ላይ የቆመው ሕዝቡ ነው። መደቡ ነፍስ ወከፍ የምትይው ነው። ሁለቱ ገመዶች ደግሞ ስልክሽ ላይ ያሉት መስመሮች ናቸው። ገበሬው አልዋሸም፤ ገመዱም አልዋሸም። እያንዳንዱ ቋጠሮ ልክ ነበር። እሱ ግን መደብ የሚወፍረው በሬ ሲጨመር ብቻ መሰለው። ሰው ሲቀነስም ይወፍራል። ከጎጆው ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቋጠሮ ናቸው። ሳስተምርሽ ምን እል ነበር? ተካፋዩን ብቻ አትይ፣ አካፋዩንም እይ እያልኩ ጉሮሮዬ አልደረቀም?»

«ታዲያ እነዚያ ላይ አገር ናቸው፣ እኛ ታች አገር ነን እያሉኝ ነው?» አለች አንጓች፤ ትንሽ ተስፋ ያገኘች መሰላት።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ መምህሩ ቱግ ብለው። «አሁን ደግሞ ከአንዱ ገመድ ወርደሽ በሌላው ልትንጠላጠይ ነው? ምናልባት በእርግጥ የእነሱ በሬ ሁለት ሦስት ሆኖ ይሆናል። የእኛ መደብ የሳሳው ደግሞ ሰው ተቀብለን ሳይሆን በሬያችን ከስቶ ሊሆን ይችላል። እሱን መስመሩ አይነግርሽም፤ ሜዳው ድረስ ሄዶ መጠየቅ ነው። በሬው ስንት ነው? ሰው መጣ ወይስ ሄደ? ከመደቡ የወጣው ማነው? ይኼን ሳትጠይቂ ልጅሽን አትዳሪ። ራስሽንም አትዳሪ።»

አንጓች ስልኳን አገላበጠችው። መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ባለበት። «ወንድሜ ግን እዚያ ነው ያለው። ብዙ ሰው ይሠራል፣ ብዙ ሕንፃ ይሠራል ይለኛል» አለች።

«ጥሩ። እዚያ በሬው ሲጎተት ወንድምሽ ገመዱን ይዟል ማለት ነው። ሥጋው ሲመደብስ ዕጣው ይጠየቃል? ይኼንን እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም፣ የሚያውቀው እሱ ነው። ደውይለት። ደሞዙን አትጠይቂው፤ ደሞዙን ስንት ጊዜ ነግሮሻል። ዘንድሮ ፋሲካን በምን እንደፈሰከ ጠይቂው።»

አንጓች ስልኳ ላይ የወንድሟን ቁጥር አወጣች። ወንድሟ ከሄደ ጀምሮ በየበዓሉ ሲደዋወሉ ኖረዋል፤ ስለዚያ አገር ያልጠየቀችው ነገር አልነበረም። ይኼን ግን አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም።